የኢተፋ ሽንኩርት

እስካሁን ያጫወትኳችሁ የሚያስቀውን ነው። የውሃ ጉድጓዱ ጋ ከኢተፋ ጋር የምንተያየውን፣ እሱ ገመዱን ሲስብ እንስራዬ ሞልቶ እየፈሰሰ እኔ "ገና ነው" እያልኩ የምዋሸውን፣ ያንን ሁሉ ሰምታችሁ ስቃችኋል። ዛሬ የቀረውን ልንገራችሁ። ጥፋቱ የማን ነው እያላችሁ እንዳትደክሙ ከአሁኑ ልናገረው፤ የኔ ነው።

ዛሬ ገና ለመጣ ሰው፣ ሸዋወርቅ እባላለሁ። አባቴ ባላምባራስ አብተው ከቡልጋ መጥተው አዳማ ላይ የኬላ ሹም የሆኑ ሰው ነበሩ። ነገሩ የሆነው በሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ የቅዳሜ ገበያውና በጣት የሚቆጠር ቆርቆሮ ቤት ነው። ከነዚያ ቆርቆሮ ቤቶች አንዱ የኛ ነበር፤ ለዚህ ነው አንገቴ ያን ያህል የቀናው። ኢተፋ ደግሞ አዋሽ ዳር ካለው መንደር በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ጓሯችንን የሚኮተኩት ጭሰኛ ነው። ሰው ፊት "እትዬ" ይለኛል፤ ጉድጓዱ ጋ ሲሆን "ሸዋ" ይለኛል። ስሜን ከአፉ ስሰማው የሌላ ሰው ስም ይመስለኝ ነበር፤ የምታምር ሰው ስም።

ኢተፋ ድሬዳዋ ሦስት ዓመት አንድ የመናዊ አትክልተኛ ዘንድ ሠርቷል። ሰውየው ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ በደመወዙ ፈንታ አሥራ ሁለት ራስ ሽንኩርት ሰጠው። "ሽንኩርት ምን ይደንቃል" እንዳትሉ። እኛ የምናውቀው የአበሻውን ነው፤ ደቃቃውን፣ ራሱን ፈልቅቀው መልሰው የሚተክሉትን። የኢተፋ ግን አንዱ ራስ ብቻውን ጭብጥ ይሞላል። መጀመሪያ ሲያሳየኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነው የተቀበልኩት።

የወንዙ ዳር መሬት የአንድ ፊታውራሪ ነው፤ እሳቸው አዲስ አበባ ተቀምጠው ወኪላቸው ያዛል። ይኸው ወኪል ሽንኩርቱን አይቶ፣ "እዚህ አገር ዘር አስይዘህ እስከ ፋሲካ ካሳየኸኝ ከወንዙ መልካ አንድ ቁራሽ መሬት ላንተም ለልጅህም ይሁን፤ ካልሆነ ለጥጥ ተካይ እሰጠዋለሁ" አለው። መሬት ካለው ሽማግሌ መላክ ይችላል። አባባ ለጭሰኛ ልጃቸውን ከሚሰጡ አንገታቸውን ይሰጣሉ፤ ባለመሬት ከሆነ ግን ቢያንስ ሽማግሌዎቹን "ቁጭ በሉ" ይላሉ። ተስፋችን በሙሉ እነዚያ አሥራ ሁለት ራሶች ነበሩ።

ወንዝ ዳር ጃርት አላስቀምጥ ስላለው መስከረም ላይ የኛ ጓሮ ተከላቸው። አባባ ለወጥ ቤት መስሏቸው "ጎበዝ" አሉት። ወር ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የዚያ ዓመት ጎርፍ ከመተሐራ ወዲያ የባቡሩን መንገድ ጠርጎት ነበርና ወኪሉ ለጥገናው ሰው ላክ ተባለ፤ ኢተፋን ላከው። ለአራት ወር።

የሄደ ዕለት ጥዋት ጉድጓዱ ጋ ቆመን፣ "በሦስት ቀን አንዴ አጠጪያቸው። እኔ እስክመጣ አንድም እንዳትነቅዪ። ኅዳር ላይ ደግሞ..." ብሎ ሲጀምር አክስቴ እቴቴ ዘርፉ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ኢተፋ ወዲያው ጎንበስ ብሎ "ውሃው ተቀድቷል፣ እትዬ" አለና ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ኅዳር ላይ ምን እንደሆነ ሳልሰማ ቀረሁ።

ኅዳር ሲጠባ ከኢተፋ ደብዳቤ ደረሰኝ። አንድ የባቡር ሠራተኛ ገበያ መሀል በቅጠል ጠቅልሎ እጄ ላይ ጣል አደረገልኝና ጥቁር አዝሙድ እንደሸጠልኝ ሰው መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ስንቴ ሲያስለቅሰኝ ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ሳቄ አልያዝ ብሎኝ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ነው ቤቴ የገባሁ።

ማንበብ አልችልም ነበር። ለሴት ልጅ ማን ፊደል ያስቆጥራል? በኛ ሰፈር ደብዳቤ አንባቢ የሚባሉ ሦስት ናቸው። አንዱ አባባ ናቸው፤ ዳዊት ይደግማሉ። ሁለተኛው የአባባ ጸሐፊ ሰብስቤ ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ ሲያየኝ ቀለሙን የሚደፋ። ሦስተኛው መሪጌታ ሐዲስ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ለመጣ ሁሉ ያነባሉ። ታዲያ እሳቸው ደብዳቤ በሹክሹክታ ማንበብ አያውቁም። ማኅሌት የቆሙ ይመስል ድምፃቸውን ስበው ነው የሚያነቡት። ገበያተኛው ከየመደቡ ተነሥቶ ይከባል፣ ለሞተው ከንፈር ይመጥጣል፣ ለወለደችው እልል ይላል። የአንዱ ደብዳቤ የሁሉም ነበር።

የባላምባራስ ልጅ፣ ከአትክልተኛዋ የተላከላትን ደብዳቤ ይዛ እዚያ ዋርካ ሥር ትቁም? አላደረግሁትም። "ፈርቼ ነው" ስል ኖሬያለሁ፤ አባባን ፈርቼ፣ ወሬውን ፈርቼ። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የምዋሸውም ሰው የለኝም። ፍርሃቱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሐፍረት ነው። በኢተፋ አፍሬ ነበር። ጉድጓዱ ጋ የምወደውን ሰው ዋርካው ሥር አፈርኩበት።

ደግሞም፣ እውነት እውነቱን ከተነጋገርን፣ ያልተነበበ ደብዳቤ ይጣፍጣል። ደረቴ ላይ ሸጉጬው እኔ ነኝ የምጽፈው። አንድ ቀን "ዓይንሽ ናፈቀኝ" ይላል፣ በማግስቱ "ያላንቺ እህል አይዋጥልኝም" ይላል። የፈለግሁትን እያስባልኩት ወር ሙሉ ኖርኩበት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሽንኩርቶቹ ከመሀላቸው ዘንግ አወጡ። ውስጡ ክፍት፣ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ በስስ ነጭ ልባስ የተጠቀለለ እምቡጥ ያለው ዘንግ። እቴቴ ዘርፉን ጠራኋቸው። እሳቸው መቼም ለሁሉም መልስ አላቸው። "ይኼማ ሽንኩርቱ ሊቦዝን ነው፤ ዘንጉን ካልሰበርሽው ራሱ ይከሳል። እናትሽም እንዲህ ነበር የምታደርገው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የአበሻውን ሽንኩርት ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ዘሩ ራሱ ነውና አበባው ምን ያደርጋል? ሽንኩርት አብቦ ያፈራል፣ ጥቁር ፍሬ ይዘራል የሚል ሰው ከሸዋ እስከ አዋሽ ሰምተን አናውቅም።

ሰበርኳቸው። በፍቅር ነው የሰበርኳቸው። ለኢተፋ ራሳቸው እንዲወፍር ብዬ በየጥዋቱ ጤዛው ሳይደርቅ እወርድና አዲስ የወጣውን ሁሉ ከሥሩ ቀጭ አደርጋለሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው። አንዱ ዘንግ ከሌሎቹ ዘግይቶ ወጥቶ ልባሱን ሊቀድ ደርሶ ነበር፤ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ነጫጭ ነገሮች ታዩኝና እጄ ትንሽ አመነታ። እሱንም ሰበርኩት። የገና ጾም ስለነበር ዘንጉን ከትፌ ሽሮ ላይ ጨመርኩት። አባባ በልተው "ዛሬስ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። የራሴን ቤት ቀቅዬ ነበር ያበላኋቸው።

ጥር ላይ ሰብስቤ ሽማግሌ ላከ። አባባ "ከፋሲካ በኋላ" ብለው መለሷቸው፤ እሺታ ነው። እኔ ግን ግድም አልሰጠኝ። ኢተፋ ይመጣል፣ ጓሮው ውስጥ እንደ ጭብጦ የወፈረውን ሽንኩርት ያያል፣ መሬቱን ያገኛል፣ የሱም ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ አባባ እግር ላይ እወድቃለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ።

የካቲት ገብቶ በአንዱ ከሰዓት መጣ። ከስቷል፣ መዳፉ በድንጋይ ተላልጧል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። እኔን አይቶ ፈገግ አለ፤ ያቺን ፈገግታ እስከዛሬ አስቀምጫታለሁ። ከዚያ አልፎኝ ወደ መደቡ ዞረ። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ራሶቹ አፈሩን ፈልቅቀው ወጥተዋል። "እንዴት ነው ያሳደግሁልህ?" ለማለት አፌን ስከፍት ፈገግታው ፊቱ ላይ የለም።

በርከክ ብሎ አንዱን ራስ በጣቱ ዳሰሰ። የተሰበረውን የዘንግ ጉቶ አገኘው። ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ወደ ሦስተኛው። አሥራ ሁለቱንም ነካ።

"ሸዋ፣ አበባው የት አለ?"

ሰበርኩት አልኩት። ምክንያቱንም ነገርኩት፤ ራሱ እንዳይከሳ ብዬ ነው፣ እቴቴ ዘርፉ ብለውኝ ነው፣ በየጥዋቱ ነበር የምወርደው አልኩት። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ይኸኛው ሽንኩርት እንደኛው አይደለም፤ ዘሩ አበባው ላይ ነው። አብቦ፣ ደርቆ፣ ጥቁር ፍሬ ያፈራል፤ ዓመት ቆይቶ ብቻ ነው እንደገና ዘንግ የሚያወጣው። ወኪሉ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም፤ ጥጥ ተካዩ ገመድ ይዞ መሬቱን ለክቶ ሄዷል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እሱ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነበር።

"ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል" አልኩና ከደረቴ አወጣሁት። ሦስት ወር አካላቴ ላይ ኖሮ እጥፋቱ ለስልሷል፣ ላቤን ጠጥቷል። እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት አይቶ የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ሞኝ።

"ማን አነበበልሽ?"

"ማንም።"

ደብዳቤውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። እሱም ማንበብ አይችልም፤ ያየው ቃሉን አልነበረም። መልሶ አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ሰው ፊት ለእትዬ ዕቃ እንደሚያቀብለው።

"ስለ አበባው አትዘኚ" አለኝ። "እሱን አላወቅሽም። ሌላውን ግን ታውቂው ነበር።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም። "እጠብቅሃለሁ፣ ዓመቱን እጠብቃለሁ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ነይ" ቢለኝ በባዶ እግሬ እከተለው ነበር፤ አላለኝም። "ውሰደኝ" ብለው ኖሮ ይወስደኝ ነበር ይሆናል፤ እኔም አላልኩም። ሁለታችንም ሌላው ይናገር ብለን ቆመን ጥላችን ጉድጓዱን አልፎ ሄደ። በመጨረሻ በአፉ ቋንቋ "ነጋቲ" ብሎኝ፣ ሰላም ሁኚ ብሎኝ፣ በጓሮው በር ወጣ።

በስምንተኛው ቀን ኢተፋ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ታች፣ ወደ ድሬዳዋ ወረደ የሚል ወሬ ሰማሁ። ቅዳሜ ነበር። እንዴት እንደለበስኩ አላስታውስም፤ ብቻ በጠራራ ፀሐይ ገበያውን ሰንጥቄ ዋርካው ሥር ሄጄ መሪጌታ ሐዲስ ፊት ቆምኩ። "ያንብቡልኝ" አልኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የባላምባራስ ልጅ ደብዳቤ ይዛ መጣች ሲባል ጨው ሻጩም በርበሬ ሻጯም ተነሡ። ከበቡን። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ሳቡ።

"ይድረስ ለእትዬ ሸዋወርቅ አብተው። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህ ደብዳቤ ሰው ፊት እንደሚነበብ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያስጻፍኩት ስለ ሽንኩርቱ ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ዘንግ ያወጣል። አደራ እንዳይሰብሩት። ለታኅሣሥ እንደ ድባብ ጥላ ክብ ሆኖ ነጭ ያብባል፤ ንብ ይወደዋልና ንቡን አያባርሩት። ሲደርቅ ሳይረግፍ የአበባውን ራስ ቆርጠው በጨርቅ ያኑሩልኝ። ውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬ ነው ዘሩ።"

አንዲት ሴት "ኧረ የሽንኩርት ደብዳቤ!" ብላ ሳቀች። ሌሎችም ተከተሏት። የፈራሁት ይህን ነበር? ሦስት ወር ሙሉ ከሰው የደበቅሁት፣ ዓይንሽ ናፈቀኝ ያስባልኩት ደብዳቤ፣ ማንም ቢሰማው የማያሳፍር የአትክልት ነገር ነው። እኔን ከሐፍረት ሊጋርደኝ ብሎ አንድ የፍቅር ቃል አላስገባበትም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው፤ መድኃኒቴን ደረቴ ላይ ይዤ ነበር የጠፋሁት።

መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው "አላለቀም" አሉ።

"ፍሬው ባይሆንልንም ግድ የለም። ዝናብም ጃርትም አለ፤ የሰው እጅ የሚችለው ትንሽ ነው። እኔ ስመለስ 'ደብዳቤህን አስነብቤዋለሁ' ካሉኝ ለእኔ ይበቃኛል። የቀረውን ለባላምባራስ እኔው ራሴ ፊታቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ መሬቱ ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም። ኢተፋ ሆራ።"

ማንም አልሳቀም። ያቺው የሳቀችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ "የመጨረሻውን ይድገሙልኝ" አልኳቸው፤ ደገሙልኝ። "ይድገሙልኝ" አልኳቸው፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ።

ያኔ ገባኝ። ሽንኩርቱ አልነበረም። አሥራ ሁለቱንም ራስ ነቅዬ በልቼያቸው ቢሆን እንኳ ያ ሰው አባባ ፊት ይቆምልኝ ነበር። ከኔ የጠየቀው ዋርካው ሥር አንድ ቅዳሜ መቆም ብቻ ነው። "ሌላውን ግን ታውቂው ነበር" ያለኝ ይኸን ነው። ጓሮ ውስጥ በአንድ ቃል መለስኩለት፤ ማን አነበበልሽ፣ ማንም።

መልስ አስጻፍኩ። መሪጌታ "ለየትኛው አገር ልበለው?" አሉኝ፤ አላውቅም። ያ የባቡር ሠራተኛ በየጣቢያው ጠይቆ፣ ጅቡቲ ደርሶ በመርከብ ተሻግሯል የሚል ወሬ ይዞልኝ ተመለሰ። መልሱ ሳይላክ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ሰብስቤን አገባሁ። ለሰርጉ ሴቶቹ ተሰብስበው ሽንኩርት ሲከትፉ ሙሽራዋ ካልከተፍኩ ብላ ከመሀላቸው ተቀመጠች። ሁሉም ያለቅሳል፤ ማን ከሽንኩርቱ፣ ማን ከአንጀቱ እንደሚያለቅስ ማን ይለያል? እቴቴ ዘርፉ ብቻ አዩኝና ቢላዋውን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱ። "ዘንጉን ስበሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉኝ። አይደለም፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሰብስቤ ነፍሱን ይማረው ጨዋ ሰው ነበር። ገበያው የሰማውን እሱም ሰምቷል፤ እስኪሞት አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እሱንም በድዬዋለሁ።

ሽንኩርቶቹን ግን አልነቀልኳቸውም። በዓመቱ ኅዳር ላይ ዘንግ አወጡ። እዚያው አባባ ጓሮ ሰውም ዶሮም እንዳይደርስባቸው በእሾህ አጠርኳቸው። ለታኅሣሥ ልባሱ ተቀደደና እንደተባለው አበቡ፤ ነጭ፣ ክብ፣ ንብ የወረረው። አጠገቡ ቆሜ ሳየው፣ ይህን እያወቅሁት ቢሆን ኖሮ እጄ እንኳ አይነካውም ነበር እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ሲደርቅ የአበባውን ራስ ቆርጬ መዳፌ ላይ አሸሁት። ጥቁሩን ፍሬ የቋጠርኩበት ወረቀት ደብዳቤው ነው። ሌላ ምን ይገባዋል?

እነሆ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እዘራዋለሁ፤ በየዓመቱም አሥራ ሁለት ራስ ሳልነካ ለአበባ እተዋለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሰው ይከበኛል። ሽንኩርቱን በመዳፉ ይመዝንና "ኧረ እማማ፣ ይኼ የማን ዘር ነው?" ይለኛል።

"የኢተፋ" እላለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምለው፣ ዋርካው ድረስ እንዲሰማ።